አዲሱ ቡችላችሁ ፓርቮ ሲይዘው፦ ቁርሱን ካልበላባት ሰዓት ጀምሮ ምን ይደረጋል?

ማክሰኞ ጠዋት ቡችላው ቁርሱን አልነካም። ያመጣሁት ቅዳሜ ነው፤ መንገድ ዳር አራት ቡችሎች በካርቶን ይዞ ከሚሸጥ ልጅ። «ተከትቧል?» ስለው «ሙሉ ነው፣ ምንም አያስቡ» ብሎኛል። እናቱን ናፍቆ ይሆናል ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስገባ ሁለት ቦታ አስመልሶ አገኘሁት። ረቡዕ ጠዋት ተቅማጡ ደም ቀላቀለ። ሐኪም ጋ የደረስነው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ሌሊት ሞተ።

ከዓመት በኋላ የእህቴን ቡችላ ያው በሽታ ያዘው። እሱ ዛሬ ትልቅ ውሻ ሆኖ የቤቱን ጫማ ሁሉ እየጨረሰ ነው። ለሁለቱም የተሰጣቸው መድኃኒት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር። የተለያዩት በአንድ ቀን ነው። እህቴ የእኔን አይታ ስለነበር፣ ቁርሱን ባልበላበት ጠዋት ነው አቅፋው የወጣችው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው በሁለቱ ቡችሎች ያየሁትን፣ ሐኪሞቹን ጠይቄ የተረዳሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው። የመድኃኒት መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እዚህ ያለው እናንተ እስኪደርስላችሁ፣ ከደረሰላችሁም በኋላ የምትሠሩት ሥራ ነው።

በሽታው ምን ይሠራል?

ፓርቮ በውሾች ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከድመቶች ቫይረስ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ያኔ መከላከያ ያለው ውሻ ስላልነበረ በሁለት ዓመት ገደማ ዓለምን አዳረሰ።

ቫይረሱ የሚፈልገው ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ነው። እነሱ ደግሞ በብዛት ያሉት አንጀት ግድግዳ ላይና መቅኔ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቡችላውን በሁለት በኩል ይመታዋል። የአንጀቱ ሽፋን ይላጥና ምግብም ውሃም መምጠጥ ያቅተዋል፤ ይደማል። መቅኔው ሲጎዳ ደግሞ ነጭ የደም ሴል ያልቅበታል። አንጀት ውስጥ የኖሩት ባክቴሪያዎች በተላጠው በኩል ወደ ደም ሲገቡ የሚመክታቸው የለም። ቡችላው በአብዛኛው የሚሞተው ፈሳሹ አልቆ፣ ስኳሩ ወርዶና ደሙ ተመርዞ ነው።

ቫይረሱን ራሱን የሚገድል ኪኒን የለም። ሕክምናው ቡችላው የራሱን መከላከያ እስኪያመርት ድረስ በሕይወት ማቆየት ነው። ይህን አንዴ ከተረዳችሁ ቀሪው ሁሉ ግልጽ ይሆናል። ሳይታከሙ ከቀሩ አብዛኞቹ ይሞታሉ። በጊዜ ተኝተው ከታከሙ ግን ከ10 ቡችሎች 8 ወይም 9 ይድናሉ። ምልክት ከጀመረ በኋላ ሞት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ነው። ለማሰብ የሚሆን ጊዜ የለም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፣ አንዳንዴም እስከ 14። ቅዳሜ የገዛችሁት ማክሰኞ ከታመመ በሽታውን ይዞት የመጣ መሆኑ ያመዝናል። «እኛ ቤት ምን በላ?» ብላችሁ ሠራተኛዋን አትውቀሱ።

1. አልበላም ያለች ሰዓት

ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ያለ፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ምግብ እንቢ ካለና ከፈዘዘ ፓርቮ ነው ብላችሁ ተነሡ። ካልሆነ እሰየው። ደም እስኪታይ አትጠብቁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ምልክት ደም የቀላቀለው፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቀው ተቅማጥ ነው። እሱ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ ቡችላ ላይ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ድብርት ነው። ትናንት እግራችሁን ሲነክስ የዋለው ዛሬ ጥግ ይዞ ይተኛል። ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ተቅማጥ።

ሸፐርድ፣ ሮትዋይለርና ዶበርማን ላይ በሽታው እንደሚጠነክር ይነገራል፤ ክልሶቻቸውም ስለሚያሠጉ እኔ አልለያቸውም። ሀበሻ ውሻ ጠንካራ ነው፣ አይዘውም የሚባለው ግን ውሸት ነው። የእኔው ሀበሻ ነበር።

አፉን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት አገር ናት፤ ቡችላም ይይዘዋል። ለሐጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ አገጩ የተንጠለጠለ፣ ድምፁ የተቀየረ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ለይታችሁ ዝጉበትና ለሐኪም ደውሉ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ፓርቮ ራሱ ወደ ሰው አይተላለፍም። በዚህ በኩል ልጆቻችሁ ሰላም ናቸው።

አሁን አምስት ነገር እዩና ጻፉ። በቃል አትያዙት፤ ሐኪሙ ፊት ስትቆሙ ትረሱታላችሁ።

ሙቀት። የፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉን ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣው በኩል 2 ሴንቲሜትር ያህል አስገቡ። ጤነኛ ቡችላ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ39.5 በላይ ትኩሳት ነው። ከ37.5 በታች ከወረደ ግን ከትኩሳቱም የባሰ አደጋ ነው።

ድድ። ጤነኛ ድድ ሮዝና እርጥብ ነው። በጣታችሁ ስትነኩት የሚጣበቅ ከሆነ ፈሳሹ እያለቀ ነው። ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። የአንገት ቆዳን መቆንጠጥ የሚባል ነገርም አለ፤ ከሲታ ቡችላ ላይ ግን ያታልላል። ድዱን እመኑ።

ክብደት። መጀመሪያ ቡችላውን ታቅፋችሁ፣ ከዚያ ብቻችሁን ሚዛን ላይ ውጡ። ልዩነቱ የእሱ ነው። የመድኃኒቱም የፈሳሹም ስሌት የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ስንት ጊዜ አስመለሰ፣ ስንት ጊዜ አስቀመጠው፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ። በመጨረሻም የበላውና የተሰጠው ነገር፤ አጥንት፣ የትል ኪኒን፣ ጎረቤት ግቢ የተጣለ የአይጥ መርዝ ካለ እሱንም ጨምሩ። ሁሉም ትውከትና ተቅማጥ ፓርቮ አይደለም። የአንጀት ትልም ደም ያስወጣል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው።

2. እስክትደርሱ

ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ አስተኙት፤ ከሥር ፌስታል ይሁን። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሙሉና በፎጣ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አድርጉ። ጠርሙሱ ቆዳውን በቀጥታ እንዳይነካው፣ ይቃጠላል። ከተልፈሰፈሰ ወይም ከተንቀጠቀጠ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጣታችሁን ማር ነክራችሁ ድዱን ቀቡት። አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ መቀባት ብቻ።

ካላስመለሰው ኦአርኤስ በጥብጣችሁ በየ10 እና 15 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጡት። ራሱ ሲልሰው ይመረጣል። ካስመለሰው ወዲያው አቁሙ። በጉሮሮው ብትግቱት ሳንባው ይገባል፤ ያኔ ሌላ ችግር ነው።

ሰገራውን በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ «ፓርቮ ነው ብለን እንጠረጥራለን» በሉ። ስትደርሱም መሬት አታስቀምጡት፤ ካርቶኑ ከእጃችሁ አይውረድ። እዚያ ለክትባት የመጡ ሌሎች ቡችሎች አሉ።

3. አታድርጉ

ፓርቮ የገባበት ቤት አማካሪ አያጣም። ዘበኛው ፌጦ ይላል፣ አክስት ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጎረቤት አረቄ። ሁሉም ከልባቸው ነው። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርሱ መርዞች ናቸው። አረቄና ሎሚ ለተላጠ አንጀት ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያቅትም። የላም ወተት ተቅማጡን ያብሰዋል።

የሰው መድኃኒት ይብሳል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይሰጥም። የሰው ተቅማጥ ማቆሚያም አይሰጥም፤ መርዙን አንጀት ውስጥ ያቆየዋል። ከመሳቢያ የተረፈች ቴትራሳይክሊን ፈልጎ ካፕሱሏን ገልብጦ መስጠት አገራችን ውስጥ ባህል ሆኗል። የሚያስመልስ ቡችላ በአፍ የተሰጠውን አይይዝም፤ ጭራሽ ትውከቱን ታነሣሣበታለች።

ታሞ ሳለ «ክትባት ውጉልኝ» የሚልም ሰው አይቻለሁ። ክትባት ሰውነቱን ለማስተማር ቀናት ይፈልጋል። እሱ ደግሞ የቀሩት ሰዓታት ናቸው።

4. ሐኪም ቤት

በሰገራ ናሙና በደቂቃዎች የሚያሳይ መመርመሪያ አለ፤ ከእርግዝና መመርመሪያ ጋር የሚመሳሰል። ካለ ይደረግለት። «የለበትም» ቢል ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በሽታው ገና ሲጀምር ወይም ሲገባደድ ሊያመልጠው ይችላል። በቅርብ ቀን የተከተበ ቡችላ ደግሞ ሳይታመም «አለበት» ሊል ይችላል። የተከተበበትን ቀን ንገሯቸው። ደም መመርመር ከተቻለ ነጭ የደም ሴሉ ምን ያህል እንደወረደ ያሳያል።

ዋናው ሕክምና ፈሳሽ ነው። ለምን በማንኪያ እንደማይሞላ በቁጥር ላሳያችሁ። ቡችላው 3 ኪሎ ነው እንበል። ፈሳሹ 8 በመቶ ያህል ጎድሏል፤ ይህ ራሱ 240 ሚሊ ሊትር ነው። በኪሎ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ብናስብለት ደግሞ ለቀኑ ብቻ 300 ያስፈልገዋል። ድምሩ 540 ነው፤ ከአንድ ግማሽ ሊትር ከረጢት ይበልጣል። ገና የሚያስመልሰውንና የሚያስቀምጠውን አልደመርንም። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ናት። ከ100 ማንኪያ በላይ፣ ያውም ውሃ በማይመጥ አንጀት! ለዚህ ነው ደም ሥር የሚያስፈልገው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። እኛ የሚንጠለጠለውን ሁሉ «ግሉኮስ» እንላለን። 5 በመቶ ስኳር ያለው ተራ ውሃ ግን ለብቻው የፓርቮን ጉድለት አይሞላም፤ ቡችላው የጨረሰው ጨውንም ጭምር ነው። በአብዛኛው የሚፈለገው ሪንገር ላክቴት የሚባለው ጨው ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሐኪሙ እንደ ሁኔታው ፖታሲየምና ስኳር ይጨምርበታል። «የተሰቀለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ፖታሲየም ግን የሐኪም ብቻ ነው፤ በዛም አነሰም ልብ ያቆማል።

ከፈሳሹ ጋር ትውከት ማቆሚያ በመርፌ ይሰጣል። ማሮፒታንት፣ ኦንዳንሴትሮን፣ ሜቶክሎፕራሚድ የሚባሉት ናቸው። ፀረ ተሕዋስያን የሚሰጠው ለቫይረሱ ሳይሆን ወደ ደም ለሚሻገሩት ባክቴሪያዎች ነው፤ በመርፌ ይሁን። የደም ስኳር በየጊዜው ቢታይ ጥሩ ነው፤ ለሰው የምንጠቀምባት ትንሿ መለኪያም ለግምት ትሆናለች።

ሳትወጡ እነዚህን ጠይቁ፦ ሌሊት አብሮት የሚያድር ሰው አለ ወይ? ፈሳሹ ስንት ሰዓት ይቆማል? በቀን ስንት ይከፈላል? የመጀመሪያውን ጥያቄ አቅልላችሁ አትለፉት። ብዙ ክሊኒክ ማታ ይዘጋል። የእኔ ቡችላ ሐሙስ ሌሊት ሲሞት አጠገቡ ማንም አልነበረም፤ ፈሳሹ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቆሟል። አልጠየቅኩም፣ አልነገሩኝም። እህቴ ግን ጠየቀች። ሰው እንደማያድር ሲነግሯት ፈሳሽ የሚገባበት የደም ሥር ቱቦ (ካኑላው) እንደተሰካ ወደ ቤት ይዛው ሄደች፣ ጠዋት መለሰችው። ሌሊቱን በየተራ ነው ያደርነው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2023 ለፓርቮ ተብሎ የተሠራ የአንቲቦዲ መርፌ ቅድመ ሁኔታ ያለው ፈቃድ አግኝቷል። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

5. አልጋ ከሌለ ወይም ገንዘቡ ካልበቃ

ይህ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ክፍል ስለሆነ ረዘም አድርጌዋለሁ።

የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች አንድ ነገር ሞክረው ነበር። መጀመሪያ ቡችላውን በደም ሥር ፈሳሽ ያነቁታል። ከዚያ ተኝቶ በመታከም ፋንታ በቀን ሦስት ጊዜ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ፣ በቀን አንዴ የትውከት መርፌ፣ ለረጅም ቀን የሚቆይ አንድ የፀረ ተሕዋስያን መርፌ እያገኘ እንዲታከም አደረጉ። ተኝተው ከታከሙት 90 በመቶ፣ በዚህኛው መንገድ ደግሞ 80 በመቶ ዳኑ። የተሞከረው በጥቂት ውሾች ላይ ነው፤ ቢሆንም ተስፋው እውነተኛ ነው። አልጋ ከተገኘ አልጋው ይሻላል። ካልተገኘ ግን «በቃ ይሙት» የሚባልበት ምክንያት የለም።

ሐኪሙን በግልጽ ንገሩት፦ «ማስተኛት አልችልም፣ በቀን ስንት ጊዜ ላምጣው?» ከቆዳ ሥር መስጠትን ሊያስተምራችሁም ይችላል። ትከሻው መካከል ያለው ልቅ ቆዳ ይነሣና መርፌው ከሥሩ ይገባል፤ ፈሳሹ እንደ ጉብታ አብጦ ቀስ እያለ ይመጠጣል። የሚሰጠው ሪንገር ነው። ስኳር ያለው ከረጢት ከቆዳ ሥር አይሰጥም፤ ቆዳውን ይጎዳል። ከረጢቱን በገላችሁ ሙቀት ልክ አሙቁት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ የቀዘቀዘ ቡችላን ይበልጥ ያቀዘቅዛል። ጉብታው ሳይጠፋ ሰዓታት ካለፉ ደሙ ወደ ቆዳው መድረስ ተስኖታል ማለት ነው፤ ያኔ የግድ ደም ሥር ያስፈልጋል።

ደብተር ያዙ። በየ4 ሰዓቱ ሙቀት፣ የድድ ቀለም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የገባ ፈሳሽ፣ ሽንት። ሽንት ደስ የሚል ነገር ነው። እህቴ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ሸና!» ብላ ቤቱን በሙሉ ቀስቅሳለች።

ስለ ምግብ የድሮው ምክር «አንጀቱ ይረፍ፣ አትስጡት» ነበር። አሁን ተቀይሯል። ቶሎ ጥቂት ጥቂት የተመገቡ ቡችሎች ቶሎ ያገግማሉ። ትውከቱ ጋብ እንዳለ በየ6 ሰዓቱ በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ያህል የላላ ምግብ ይጀመራል፤ ለ3 ኪሎ ቡችላ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ለሕሙማን የሚሸጥ የቆርቆሮ ምግብ ካለ እሱ ነው። ከሌለ ዶሮ ያለ ቆዳ በውሃ ብቻ ተቀቅሎ፣ ከለሰለሰ ሩዝ ጋር ተፈጭቶ። ጨው የለም፣ ዘይት የለም። ከወጡ ድስት ተቀንሶ «አልጫ ነው» ተብሎ አይሰጥ፤ አልጫም ሽንኩርት አለው።

እነዚህን ካያችሁ ግን የቤቱ ሕክምና አልሠራም፦ ሙቀቱ ከ37.5 በታች ወረደ፣ ድዱ ነጣ ወይም ደም መሰለ፣ መነሣት አቃተው፣ መድኃኒት ወስዶም ትውከቱ አልቆመም፣ ሆዱ ጠንክሮ ሲነካ ይጮሃል። የመጨረሻው አንጀቱ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቀዶ ሕክምና ነው። በሌሊትም ቢሆን ውጡ።

የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ቀናት ካለፈ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ከመትረፉ በፊት ግን አንድ ጠዋት ጅራቱን ያወዛውዛል። ያኔ ደስ ብሏችሁ ሙሉ ሳህን እንዳትሰጡት።

6. ቤቱንና ግቢውን

ፓርቮ ቅባት የመሰለ ሽፋን ስለሌለው አልኮል አያፈርሰውም። የእጅ ሳኒታይዘርና አብዛኛው መልካም ሽታ ያለው የወለል ማጽጃ ዋጋ የለውም። የሚገድለው በየሱቁ ያለው በረኪና ነው።

መጀመሪያ ሰገራውንና ትውከቱን አንሡ፣ ወለሉን በኦሞ እጠቡ፣ ያለቅልቁ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ፤ በቤታችን ልክ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና ለ2 ሊትር ውሃ ብላችሁ ያዙ። ወለሉ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። የዕለቱን በዕለቱ በጥብጡ፤ ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ውሃ ነው። ከሌላ ማጽጃ ወይም ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ። መስኮት ክፈቱ፣ ቡችላውንም ሳይደርቅ አታስገቡት።

ጆንያ፣ ካርቶን፣ የእንጨት ሳህን ይቃጠል። የብረት ሳህን በበረኪና ይድናል። ለታመመው ክፍል አንድ ነጠላ ጫማ መድቡና ደጃፉ ላይ ተዉት። ቫይረሱ በጫማም ከሰፈር ሰፈር ይሄዳል።

አፈር ግን አይታጠብም። ቫይረሱ አፈር ላይ ወራት፣ ሲመቸው ከዓመት በላይ ይቆያል። ሰገራው የነበረበትን የላይኛውን አፈር ገፋችሁ ቅበሩ፤ ፀሐይ እንዲያገኘውም ቅጠሉን ቁረጡ። ወደ ቦይ አትጣሉት፤ የሰፈሩ ውሾች የሚጠጡት እሱን ነው። ቡችላው ከሞተም በጥልቁ ይቀበር።

7. ከዳነ በኋላ

ድኖም ቢያንስ 2 ሳምንት ያህል ቫይረሱን በሰገራው ያወጣል። አንድ ወር ያህል ካልተከተቡ ቡችሎች ለዩት። ግቢ ውስጥ የተከተበ ትልቅ ውሻ ካለ ብዙም አያሳስብም፤ የክትባቱ ጊዜ አልፎ እንደሆነ ብቻ ጠይቁ። ያልተከተበ ድመት ግን ሊይዛት ስለሚችል አርቋት። ገላውን በሻምፖ እጠቡት፤ ጭራው ሥር ያለው ፀጉር ላይ ይቀራል። የትል መድኃኒት ሐኪሙ ባለው ቀን ይውሰድ። ከፓርቮ የሚያገኘው መከላከያ ለረጅም ዓመት ይቆያል፤ ለሌሎቹ በሽታዎች ግን ክትባቱን ይቀጥላል።

8. ሌላ ቡችላ ከማምጣታችሁ በፊት

ቡችላው ሞቶባችሁ ከሆነ ልጆቹ በማግስቱ ሌላ ይጠይቃሉ። እዚያው ግቢ ያልተከተበ ቡችላ ማስገባት ሁለተኛውን መቅበር ነው። ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ፈልጉ፤ ወይም ዓመቱ ይለፍ።

ስለ ክትባቱ ሰው የሚሳሳተው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ለፓርቮ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሻጩ «ተከትቧል» የሚለው ብዙ ጊዜ የትል ኪኒን መዋጡን ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ አንድ ክትባት አይበቃም። ለምን? ቡችላው በእንገሩ ከእናቱ መከላከያ ይወስዳል። ይህ መከላከያ ክትባቱንም ያከሽፈዋል። በየሳምንቱ እየቀነሰ ሲሄድ፣ በሽታውን ለመመከት የማይበቃበት፣ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን ገና የሚበቃበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ በየትኛው ሳምንት እንደሚውል ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ ከ6 ወይም 8ኛ ሳምንቱ ተጀምሮ በየ3 እና 4 ሳምንቱ፣ የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል። ከዚያ በ6 ወሩ ወይም በዓመቱ ይደገማል። የእብድ ውሻው ደግሞ ከ12ኛ ሳምንቱ ጀምሮ ለብቻው ይሰጣል።

እስከ 16ኛው ሳምንት ቡችላውን የሰፈር ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታውርዱት። ታቅፋችሁ መንገድ አሳዩት፣ ሰው ይልመድ፣ የባጃጅ ድምፅ ይስማ። ቤት ቆልፎ ማሳደግም ፈሪ ውሻ ያወጣል።

ስትገዙ ወረቀቱን ተቀበሉ። እውነተኛ የክትባት ደብተር ላይ ከብልቃጡ ተልጦ የተለጠፈ ስቲከር፣ ቀን፣ የሐኪም ፊርማና ማኅተም አለ። ስቲከር የሌለበትን እንዳልተከተበ ቁጠሩት። ሐኪም ጋም ክትባቱ ከፍሪጅ ሲወጣ እዩ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት ነገር ነው፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል። «ጀነሬተር አላችሁ?» ብላ እህቴ ጠይቃቸዋለች። ሐኪሙ ሳቀና ወስዶ አሳያት። ስቲከሩን ደብተሩ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት።